ማሚቶ በዝምታ ቀን

ፌብሩዋሪ 2

ውድ ምቦክ ዳርሚ፣

በቤታችን መቅደስ ፊት፣ የድንጋይ ጠባቂዎቹ ዓይናቸውን እያፈጠጡብኝ፣ እኔ ኒ ክቱት ላስያ፣ ዕድሜዬ አሥራ አምስት፣ አእምሮዬ ጤነኛ (አጎት ሱዊርታ በዚህ ባይስማማም)፣ የሚከተለውን በደል በገዛ እጄ መፈጸሜን እመሰክራለሁ፦ አንቺ እህቴ ከላክሽልኝ ማሚቶዎች አንዱን በአጎት ሱዊርታ አውራ ዶሮ እግር ላይ አስሬአለሁ። ስሙ ሚኒስትሩ ነው፣ ታውቂዋለሽ። ከሁላችን የተሻለ ይበላል፣ በየማለዳው ገላውን ይታሻል፣ ማንም ክፉ አይናገረውም። ታዲያ እሱ ላይ ሳልሞክር አያታችን ፔካክ ላይ እንዴት ልሞክር? ዶሮ ይገዛል፤ አያት ግን ያለን አንድ ነው።

ደግሞም ይሠራል! ሚኒስትሩ በወንዙ መንገድ ላይ ከሰቀልኩልሽ ሳጥን ፊት ሲያልፍ አልጋዬ ሥር ያለችው ትንሿ ሳጥን "ጢጥ" አለች። በደስታ ስዘል ጭንቅላቴን ከአልጋው ጋር አጋጨሁት።

አሁን ለጥያቄዎችሽ። አዎ፣ አሁንም ስልኬ አልተመለሰልኝም። ካህኑ ጸበል ሲረጩ ኪሴ ውስጥ ፍየል መጮኹ የኔ ጥፋት አይደለም፤ የደወለው ሰው ነው ጥፋተኛው። አጎታችን ግን "እስከ ፈተና" ብሎ ቆልፎበታል። ስለዚህ እንደ ጥንት ሰዎች እንጻጻፋለን፤ የአውቶቡሱ ሹፌርም የፍቅር ደብዳቤ የምልክ መስሎት ይጠቅሰኛል።

አክስቴ ስለ ማሚቶው ጠየቀችኝ። አንቺ ብትሆኚ አሥር ገጽ ሥዕል ታወጪላት ነበር። እኔ እንዲህ አልኳት፦ "ይህች ከጥፍር የሳሳች ቁራጭ ባትሪ የላትም፣ የራሷ ድምፅም የላትም። ኮረብታው ላይ ያለው የስልክ ማማ ቀን ከሌት ይለፈልፋል። እሷ የሱን ልፍለፋ ተቀብላ፣ 'እዚህ ነኝ' የሚል ቅርጽ ሰጥታ መልሳ ትወረውረዋለች። ሳጥኖቹ ያንን ይሰማሉ።" አክስቴ ትንሽ አሰበችና "ልክ እንደ አማቼ" አለች።

እውነቷን ነው። ፔካክ ከዕለት ወደ ዕለት እየባሰባቸው ነው። የሰው ቃል መመለስ እንጂ መጀመር አይችሉም።

"ፔካክ፣ ራበዎት?"

"ራበዎት?"

"እኔማ ጠግቤአለሁ።"

"ጠግቤአለሁ" ይሉና ሳህኑን ይገፉታል። ስለዚህ አሁን ጮክ ብዬ "ኧረ እኔ ርቦኛል!" ማለት ተምሬአለሁ። እሳቸውም "ርቦኛል" ብለው ይበላሉ። ይበላሉ ወይ ብለሽ ነበር፤ በዚህ ዘዴ ይበላሉ።

ስለ ጎተራው የሰማሽው ግን እውነት ነው። አጎታችን እያጸዳው ነው። ባለፈው ዓመት በኜፒ ቀን፣ መንደሩ ሁሉ በሩን ዘግቶ ዝም ባለበት፣ ፔካክ በመንገዱ መሃል ዘና ብለው መሄዳቸውን አልረሳም። መንደሩን በሙሉ እንደገና ማንጻት ነበረብን። የዝምታውን ቀን የሚጠብቀው ደግሞ ራሱ አጎት ሱዊርታ ነው፣ ባለ ጥቁርና ነጭ ሽርጡ። "ከእንግዲህ አንዴ ከጠፋ አስገባዋለሁ" ብሏል። ሌላ ሰው ሲጠይቀው ሩዝ ላስገባበት ነው ይላል። ሩዝ ግን ከውጭ የሚዘጋ ቁልፍ አያስፈልገውም።

ማሚቶውን ሳሳየው ምን አለኝ መሰለሽ? "ተይው ልጄ። አያትሽ ባዶ ዋሻ ነው። የጣልሽበትን ይመልስልሻል፤ ውስጡ ሰው የለም።"

አለ፣ ምቦክ። እኔ አውቃለሁ፣ አለ። ዛሬ ሁለተኛውን ማሚቶ በጥምጥማቸው ጠርዝ ውስጥ ሰፋሁላቸው። እባክሽ ይሥራ።

ላስያሽ


ባንዱንግ፣ ፌብሩዋሪ 11

ላስያ፣

ዶሮውን ፍቺው። ሳቅሁ፤ ግን ፍቺው።

በምሠራበት ላቦራቶሪ ስለ ፔካክ የሚያውቅ ሰው እንዳለ ሳትጠይቂኝ ልንገርሽ። የለም። በእኛ ወረቀት ላይ "የሙከራ ዕቃ ሁለት" ናቸው። ይህን በእጄ ስጽፍ ያፈርኩትን እፍረት ለማንም አልተናገርኩም፤ ለአንቺ ተናገርኩ። ፕሮፌሰሩ "ዕቃ ሁለት ቆንጆ ይንቀሳቀሳል፣ ላም ነው?" ብለው ጠየቁኝ። "አዎ ፕሮፌሰር፣ ሽማግሌ ላም" አልኳቸው። ፔካክ ይቅር ይበሉኝ።

አንድ ነገር ግን ገርሞኛል። በወጡ ቁጥር የሚሄዱት ወደ አንድ ቦታ ነው፤ ወንዙ ዳር ወዳለው ዳስ። እዚያ ምን አለ? እኔ ከሄድኩ በኋላ የተሠራ ነገር አለ?

ሌላው፣ ከእሑድ ጀምሮ እዚህ ስክሪኔ ላይ ያለው ነጥባቸው አልተነቃነቀም። ማማው ይናገራል፣ ማሚቶው ይመልሳል፣ ግን ሁሌ ከአንድ ቦታ። ታመዋል? እውነቱን ጻፊልኝ። ከዚህ ሆኜ ማየት የምችለው ነጥብ ብቻ ነው።

ለአክስታችን የላክሁትን ኩኪስ አንቺ እንዳትጨርሺው።

ዳርሚ


ፌብሩዋሪ 20

ውድ ምቦክ ዳርሚ፣

ኩኪሱ ጣፋጭ ነበር። ይኸውልሽ፣ አንዱን ጥያቄሽን መለስኩ።

ስለ ነጥቡ አትጨነቂ። አክስቴ ጥምጥሙን አጥባ አስጥታው ነው። ዝናብ ስለበዛ አልደርቅ ብሎ ነው። ዝናብ ደግሞ የአምላክ ሥራ ነው፤ ለዚህ እኔን ተጠያቂ አታድርጊ።

ስለ ዳሱ። እዚያ አዲስ ነገር የለም፤ የጠፋ አሮጌ ነገር አለ ብልሽ ይሻላል። አያታችንና ጓደኛቸው ሽማግሌው ፔካክ ሙንድራ ከበሮ የሚለማመዱት እዚያ ነበር፣ አስታወስሽ? ሁለት ከበሮ፣ አንዱ ወንድ አንዱ ሴት ይሉታል። ሙንድራ ይጀምራሉ፤ የኛዎቹ በምቶቹ መሃል ባለው ክፍተት እየገቡ ይመልሳሉ። ሲፈጥኑ ሁለት ሰው መሆናቸው ይጠፋሽ ነበር። ሙንድራ ባለፈው ክረምት ሞቱ፤ አስከሬናቸው እንደ ወጋችን ተቃጠለ፣ አመዳቸውም ባሕር ገባ። ለፔካክ ይህን የነገራቸው ሰው ያለ አይመስለኝም። ቢነገራቸውም "ሞቱ" ስትያቸው "ሞቱ" ብለው ነው የሚመልሱት፤ ታዲያ ሰምተው ይሁን አይሁን በምን ይታወቃል?

እኔ የሚመስለኝ እዚያ የሚሄዱት የሚጀምርላቸው ሰው ፍለጋ ነው። ጣቴን ወለሉ ላይ ታ-ታ፣ ታ ሳደርግ እሳቸው በክፍተቱ ይገቡልኛል፣ አንድም ሳይስቱ። ባዶ ዋሻ እንዲህ ያደርጋል?

የትምህርት ቤታችን ርዕሰ መምህር አዲስ ጥርስ አስተክለዋል። ሲያፏጩ ያስቃሉ። አጎት ሱዊርታ ለሚኒስትሩ ትራስ ሰፍቷል። ሁሉም ሰላም ነው። ሁሉም በጣም ሰላም ነው።

ላስያ


ባንዱንግ፣ ፌብሩዋሪ 27

ላስያ፣

ስትዋሺ ደብዳቤሽ ቀልድ ይበዛበታል።

የተሰጣ ጨርቅ ንፋስ ሲመጣ ይወዛወዛል፣ ንፋስ ሲቆም ያርፋል። የእሳቸው ማሚቶ ግን እየተመላለሰ ነው፤ ይጠነክራል፣ ይደክማል፣ ይጠነክራል፣ ይደክማል። ያለማቋረጥ። በጠባብ ቦታ ከግድግዳ ግድግዳ የሚሄድ ሰው ነው።

የት ነው ያስገቧቸው?

ዳ.


ማርች 6

ምቦክ፣

ጎተራው ውስጥ ነበሩ።

ዛሬ ቀልድ የለኝም፤ ፈልጌ አጣሁ። ከመጀመሪያው ደብዳቤዬ በኋላ ባለው እሑድ ፔካክ እንደገና ወጡ። ሳጥኗ ጮኸች፣ ሮጥኩ፣ ዳሱ ጋ አገኘኋቸው። ሁሉም በደንብ ሠርቷል፣ ያንቺ ሥራ ምንም አልጎደለውም። ግን ስንመለስ አጎታችን የጎተራውን ቁልፍ ይዞ በር ላይ ቆሞ ነበር። "ለሙከራ ያህል ነው" አለኝ። "ለእህትሽ እንዳትጽፊ። ታለቅሳለች እንጂ ምን ታደርጋለች?" እኔም አልጻፍኩም። ከጻፍኩልሽ እውነት ይሆናል ብዬ ፈራሁ። ይቅር በይኝ።

በቀዳዳው ሩዝ አቀብላቸው ነበር። "ላስያ ነኝ" እላለሁ። "ላስያ ነኝ" ይሉኛል ከውስጥ። የኔ ስም በሳቸው ድምፅ፣ ግን የኔው ቃል። እዚያው ተቀምጬ አለቅስ ነበር።

የአንቺ ደብዳቤ ሲደርሰኝ አጎታችን ፊት ቁጭ ብዬ አነበብኩለት። ሚኒስትሩን እያሸው ነበር። "ከግድግዳ ግድግዳ" የሚለው ጋ ስደርስ እጁ ቆመ።

"ከዚያ ሆና ይህን አየች?"

"አየች።"

"በዚያች ጥፍር በምታህል ነገር?"

"አዎ አጎቴ።"

ሚኒስትሩን ቀስ ብሎ መሬት አስቀመጠው። እኔም ገባሁበት፦ "አባትህ እኮ ናቸው። ለዶሮ ትራስ የሚሰፋ ሰው ለአባቱ ቁልፍ ይገዛል?"

"አንቺ ልጅ፣ ምላስሽን አንድ ቀን እቆርጠዋለሁ።"

"ቁረጠው። ያኔ ፔካክ የሚመልሱት ቃል ያጣሉ፣ ላንተም ዝም ይሉልሃል።"

የሚመታኝ መስሎኝ ነበር። "እኔ ክፉ ሰው አይደለሁም" አለኝ። ምቦክ፣ እንደ ልጅ ነው ያለው። "ወንዙ ውስጥ ቢገባስ? ባለፈው ዓመት ሰው ሁሉ ምን እንዳለኝ ታውቂያለሽ? የገዛ አባቱን ያልጠበቀ እንዴት መንደር ይጠብቃል አሉኝ።"

በመጨረሻ ተስማማን። ፔካክ ዛሬ ወጥተዋል። በዚህ ዓመት ኜፒ ከግቢ ካልወጡ ቁልፉ ይጣላል። ከወጡ ግን ጎተራው የሳቸው ነው፣ እስከ መጨረሻው፤ እኔም ቃል አልናገርም። እጅ ተጨባበጥን።

ቀላል ነው ብዬ ነው የተስማማሁት። ማሚቶ አለን። በሩን ሲያልፉ ሳጥኗ ትጮሃለች፣ ሦስት እርምጃ ሳይሄዱ እይዛቸዋለሁ። ጎበዝ ነኝ አይደል? ጎበዝ ነኝ በይኝ።

ላስያ


ባንዱንግ፣ ማርች 13

ላስያዬ፣

ደብዳቤሽን አንብቤ ጎበዝ ነሽ ብዬ ልጽፍ ብዕር አነሳሁ። ከዚያ የተስማማሽበትን ቀን እንደገና አየሁት።

እንዴት እንደምነግርሽ አላውቅም። እኔ እዚያ ተወልጄ፣ ሃያ አንድ ኜፒ እዚያው ግቢ ውስጥ ዝም ብዬ አሳልፌ፣ ረሳሁት። እዚህ የኜፒ ቀን መሥሪያ ቤት የሚዘጋበት ቀን ነው፤ ልብስ አጥብበታለሁ። ሳጥኖቹን ስሠራ ዝናቡን አሰብኩ፣ መብረቁን አሰብኩ፣ ዝንጀሮዎቹን አሰብኩ። ዝምታውን አላሰብኩም።

በኜፒ በደሴቱ ሁሉ የስልክ ኢንተርኔት ይዘጋል። ማማው ያቺን ቀን ልፍለፋውን ይተዋል፤ የሚያጉረመርመው ጥቂት ብቻ ነው። ማማው ካልተናገረ ማሚቶው የሚመልሰው የለም። ሳጥኖቹ ጥቂት ቢሰሙ እንኳ ወሬውን ወደ እኔ የሚልኩበት መንገድ የለም፣ እኔም ወደ አልጋሽ ሥር የምመልስበት የለም። ሳጥንሽ አትጮህም። በሩን ቢያልፉም አትጮህም።

ስልክሽ ተቆልፎበታል፣ አጎታችን ደግሞ ከእኔ ሲደወል አያነሳም። ይህ ወረቀት ከኜፒ በፊት እንዲደርስሽ ሹፌሩን ለመንኩት። ከደረሰሽ፦ ዓይንሽን ከሳቸው ላይ አታንሺ። እሰሪያቸው አልልሽም፤ ግን ከራስሽ ጋር እሰሪያቸው።

ይቅር በይኝ። ሌላ የምልሽ የለኝም።

ዳርሚ


ማርች 19፣ ኜፒ

ምቦክ፣

ደርሶኛል። ትናንት፣ በዋዜማው የአጋንንት ምስሎች በመንገዱ በጭፈራ ሲዞሩ፣ ሹፌሩ በሰው መሃል ተጋፍቶ አመጣልኝ። ባለ ትልቅ ጥርሱ ጋኔን ሥር ቆሜ አነበብኩት፤ ርዕሰ መምህራችንን ይመስል ነበር። ግን አልሳቅሁበትም።

በእርሳስ ነው የምጽፈው፣ በዚሁ ደብዳቤሽ ጀርባ ላይ። ያለሁት ዳሱ ውስጥ ነው፣ ከመሬት ከፍ ያለው ወለሉ ሥር ተኝቼ። አዎ፣ ወጥቻለሁ። በጠራራ ፀሐይ፣ በኜፒ። ጠባቂዎች ከላይ ባለው መንገድ እያለፉ ነው፤ እስኪያልፉ መንቀሳቀስ አልችልም፣ ዝም ብዬ ከተኛሁም አብዳለሁ፣ ስለዚህ እጽፍልሻለሁ።

ያልሽኝን አደረግሁ። ከማለዳ ጀምሮ የኔ እጅና የፔካክ ሽርጥ በአንድ ክር ታስረው ነበር። ምንጣፍ ላይ ተቀመጥን። በጣቴ ቀስ ብዬ ታ-ታ፣ ታ እልላቸዋለሁ፣ እሳቸውም ይገቡልኛል። ደስ ብሏቸው ነበር። ቀኑን እንዲህ እንገፋዋለን ብዬ አሰብኩ። ከዚያ አክስቴ ብቅ አለችና በሹክሹክታ "ቁሚ! የዛሬን ቀን አታውቂም? ጎረቤት ይሰማል!" አለችኝ። ቆምኩ። ፔካክ ጣታቸውን አንስተው ጠበቁ። ጠበቁ። እኔም አልጀመርኩላቸውም።

ከዚያ ሽንት ቤት ገባሁ። ክሩን ከበሩ ሥር አሳልፌ ያዝኩት። ሳብ አደረግሁ፣ ከዚያ በኩል ተሳበልኝ። ተደሰትኩ። እንደገና ሳብኩ፣ እንደገና ተሳበልኝ። ከፔካክ ጋር እየተጫወትኩ መስሎኝ እንደ ሞኝ ስስቅ ነበር፣ አፌን በእጄ ይዤ። ስወጣ ክሩ ከፔካክ ሽርጥ ተፈቶ በሚኒስትሩ እግር ላይ ታስሮ ነበር።

ከዶሮ ጋር ክር ስጓተት አያቴ ሄዱ።

ሳጥኗ ዝም። ማማው ከዚህ ይታየኛል፤ እሱም ዝም። ደሴቱ ሁሉ ዝም። የሚገርምሽ፣ የአጎታችን ጥምጥም ውስጥም ማሚቶ ሰፍቼ ነበር፤ እሱን ገና አልተናዘዝኩልሽም። ለጥበቃ እወጣለሁ እያለ የሚተኛበትን ዛፍ ሁሉ አውቀዋለሁ። ዛሬ ግን የት እንዳለ አላውቅም። ፔካክን የደበቀብኝ ዝምታ እሱንም ደብቆብኛል።

እዚህ አሉ ብዬ ነበር የመጣሁት። የሉም። ጭቃው ላይ የእግራቸው ምልክት አለ፣ ወደ ውኃው ይሄድና ድንጋዩ ላይ ይጠፋል። ወንዙ ሞልቷል፣ ቀለሙ እንደ ሻይ በወተት ነው።

ምቦክ፣ ብጣራቸው ይመልሱልኛል። ይህን አውቃለሁ። "ፔካክ!" ብል ከየትም ይሁኑ ከየት "ፔካክ!" ይሉኛል፣ ድምፁን ተከትዬ አገኛቸዋለሁ። እሳቸው እኮ ከማሚቶሽ ይሻላሉ፤ አንድ ቃል ነው የሚፈልጉት። ግን ዛሬ ቅጠል ሲወድቅ ይሰማል። ከጮህኩ ጠባቂዎቹ ይመጣሉ፣ ፔካክም በኜፒ ከቤት ውጭ ተገኙ ይባላል፣ ከዚያ ጎተራው። ዝም ካልኩ ደግሞ ወንዙ።

አንቺ ብትሆኚ ምን ታደርጊ ነበር? የምትመልሺልኝ በአራተኛው ቀን ነው። በተኛሁበት ነው የምጽፈው፣ ጽሑፌ የማይነበብ ከሆነ ለዚህ ነው።

ልጮህ ነው። ጎተራ ውስጥም ቢሆን ሰው ይተነፍሳል። ጠባቂዎቹ አልፈዋል፣ ልወጣና ልጮ


ማርች 20፣ ጠዋት

ትናንት ያቋረጥኩት እርሳሱ ከእጄ ስለወደቀ ነው።

ዛሬ ማለዳ አጎት ሱዊርታ ጎተራው ውስጥ ሩዝ ሲያስገባ አየሁት። ሙሉውን፣ እስከ በሩ ድረስ። ሰው የሚቆምበት ቦታ አልተረፈም። ቁልፉን ሚኒስትሩ ጎጆ ላይ አንጠልጥሎታል።  ለምን እንደሆነ ልንገርሽ።

ከወለሉ ሥር ወጥቼ አፌን ስከፍት፣ በሩዙ ማሳ ድንበር ላይ አንድ ሰው ሲመጣ አየሁ። ጥቁርና ነጭ ሽርጥ። አጎታችን ነበር፣ ብቻውን። ጫማ የለውም፣ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ነው። ጥምጥሙ ወደ ጆሮው ዞሯል። መንደር የሚጠብቅ ሰው አካሄድ አልነበረውም። እያንዳንዱን ቁጥቋጦ እየገለጠ ያያል፣ ከዚያ ወደ ወንዙ ያያል፣ ከዚያ ቶሎ ፊቱን ያዞራል። ከንፈሩ ይንቀሳቀስ ነበር፣ ድምፅ ግን አልነበረውም። "አባዬ" የሚል መሰለኝ። እሱም ብጣራ ይመልሳል ብሎ እያሰበ ነበር፤ እሱም መጣራት አልቻለም።

ምሰሶው ጀርባ ተሸሸግሁ። ያኔ ከቀርከሃው ውስጥ ቅርንጫፍ ተሰበረ። አጎታችን ቀና ሲል ዓይን ለዓይን ተጋጨን።

ተያዝኩ። ቆሞ አየኝ፣ ቆሜ አየሁት። እሱ አፉን አልከፈተም። እኔም አልከፈትኩም። ምቦክ፣ በመቅደሳችን እምልልሻለሁ፣ ማንም ቃል አልተናገረም፤ ማማው ዝም፣ ወፎቹ እንኳ ዝም፣ ማንም አልጀመረላቸውም። ቀርከሃው ተገለጠ። ፔካክ ጭንቅላታቸው ተገልጦ፣ ጥምጥማቸውን በእጃቸው ይዘው፣ ልክ ድብብቆሽ ስንጫወት እንደያዙኝ ሁሉ ጣታቸውን ወደ እኔ ቀስረው፣

"ላስያ!"